እጅ የማይዘረጋላት መኪና

ሽፌ፣ የዮናስ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ተሳፋሪ አድርሰህ በዚያው ቀን ትመለስ ነበር እንጂ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ርቀት ሄደህብኝ አታውቅም። ዛሬ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ። ጉሙ ከቀትር ጀምሮ ወርዶ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እንኳ ሸፍኖብኛል። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ዮናስ አልመጣም። ሌላ ቀን በዘጠኝ ተኩል ደጅ ላይ ነው። ስደውልለት ያቺ ስልክ ውስጥ ያለችው ሴት ደንበኛውን አሁን ላገኘው እንደማልችል በትሕትና ትነግረኛለች። ደጋግማ ነግራኛለች፤ ትሕትናዋ ራሱ አናዶኛል። እና እሱ እስኪመጣ ካንተ ጋር ልቆይ ብዬ ወረቀት ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ቤቱ ደህና ነው። ጓዳው ላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ዮናስ ራሱ ወጥቶ ቀይሮታል። ውሻህ አርጅቶ መጮህ ሰልችቶታል፤ ሌባ ቢመጣ ጭራውን ቆልቶ የሚያስገባ ይመስለኛል። ለማስታወሻ ካፖርትህን ላስቀምጥ ብል ካፖርት አልተውክልኝም። ለአንድ መንገደኛ ሰጥተኸው በዚያ ዶፍ ዝናብ በሸሚዝ ብቻ የመጣህ ቀን እንዴት እንደጮህኩብህ ትዝ ይልሃል? አንተ እቴ፣ ሳቅህ። እሱ የቆላ ሰው ነው አስካለ፣ ብርዱን አለመደውም፣ አልከኝ። ሰው ደግ አይበረክትም ሲል እኔ ደግሞ የደግ ሰው ልብስም አይበረክትም እል ነበር። ፊተኛው እውነት ሆኖ አረፈው።

ደግሞ ያ ክላክስህ። ታችኛው ዳገት ጋ ስትደርስ አንዴ ካደረግክ ብቻህን ነህ። ሁለቴ ካደረግክ መሽቶበት ማደሪያ ያጣ ሰው ይዘሃል፣ ወጥ ጨምሪ ማለትህ ነው። ሁለቴ ስሰማ እየተራገምኩ ነበር ድስቱን መልሼ የምጥደው።

አሁን መኪናዋን የሚነዳው ዮናስ ነው። አርባህ ሳይወጣ ነው የያዛት። አነዳዱ ያንተው ነው፤ ዳገት ላይ አንገቱን እንኳ እንዳንተ ያሰግጋል። ከአነዳድህ ጋር ግን ያቺን የጋቢና ወንበርም ወረሰ፤ ከእሱ ጋር ያጣላችኝ እሷ ናት።

ያቺን ወንበር ስንት ዘመን ተጨቃጨቅንባት! ከአንኮበር ስትነሳ መኪናው ጢም ቢል፣ ሰው ቆሞ ቢለምንህ፣ በሩ አጠገብ ያለችውን አንዷን ቦታ አታስይዝም። ኮሶው ዛፍ ያለበት መታጠፊያ እስክትደርስ ባዶዋን ትሄዳለች። ከቆላ ሽቅብ የሚመጣው የእግር መንገድ ከመኪናው መንገድ የሚገናኘው እዚያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ያደረ ሕመምተኛ መኪና ሞልቶ ሲያልፈው ከማይ ወንበሬ ባዶዋን ብትሄድ ይሻለኛል ትል ነበር። መታጠፊያው ጋ ስትቃረብ ሁለቴ ክላክስ ታደርጋለህ። ሰው ካለ ትጭናለህ፣ ከሌለ ከዚያ ወዲያ ላገኘኸው ትሰጣታለህ። ተሳፋሪው የእግዜር ወንበር ይላታል። እኔ የሞኝ ወንበር ነበር የምላት።

ሽፌ፣ መንገዱ አንተ እንደተውከው አይደለም። ከመኪና አስወርደው ወሰዷቸው የሚባሉ ሰዎች ወሬ በየሳምንቱ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ፈጠራ ነው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግርህ የለም። ማንም ለማያውቀው ሰው አይቆምም። እኔም ዮናስን ኮሶው ጋ እንዳይቆም፣ ወንበሯንም ከመነሻው እንዲያስይዛት በቁርባን ለመንኩት። እሺ ይለኛል፤ ግን ያው ባዶዋን ይዟት ይሄዳል። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ትሸጥ አልኩ። ወንድሜ ታደሰ ደብረ ብርሃን ላይ ገዢ አገኘልኝ፣ ቀን ተቆረጠ።

ሚያዝያ ላይ ነው። ፈራሚዋ እኔ ነኝና ጠዋት አብሬው ተሳፈርኩ። የት የተቀመጥኩ ይመስልሃል? እዚያችው ላይ። ባዶዋን ከምትሄድ ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ተደላደልኩባት። ልጅህ ዞር ብሎ አየኝና ሞተሩን አስነሳ።

ጉሙ እንደ ዛሬው ነበር። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እጁ ለምዶበት ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ ሰው ብቅ አለ። ከመንገዱ ጥግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ትከሻው ላይ ረጅም ነገር አለ። እጁን አልዘረጋም። መኪና የፈለገ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፣ ፎጣውን ያውለበልባል፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ያየናል። ከኋላ አንዲት ሴት በእመቤቴ አለች። ሌላው ንዳ፣ ንዳ፣ እንዳትቆም አለ። የዮናስ እግር ወደ ፍሬኑ ሲሄድ አየሁና ክንዱን ጨምድጄ አትቁም ብዬ ጮኽኩበት። አለፈው።

ስናልፈው ግን በመስኮቴ በኩል አየሁ። ትከሻው ላይ ያለው ዱላ ነው። ከኮሶው ሥር ቃሬዛ ተቀምጧል፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ተንበርክኳል፣ ቃሬዛው ላይ አንዲት አሮጊት ተጠቅልለው ተኝተዋል። ሰውየው የምንቆም መስሎት ሊያነሳቸው ዞሮ ጎንበስ ብሎ ነበር።

አንተ በጆሮዬ ተናገርከኝ ብልህ ደስ ባለህ፣ ግን አልተናገርከኝም። እሳት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወንበሯ አላስቀምጥ አለችኝ፣ ይኸው ነው። አቁም አልኩት።

መንገዱ አይታይም፣ ማዞሪያ የለም፣ ባንድ በኩል ገደል ነው። ዮናስ ከኋላ ሰው ካልመራኝ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አልሄድም አለ። ወረድኩ። አንድ ቄስ ተሳፍረው ነበር፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉኝና በገደሉ በኩል ቆሙ። እኔ ነጠላዬን አውልቄ እያውለበለብኩ፣ መኪናዋን ፊት ለፊቴ እያየሁ የኋሊት ሄድኩ። ኮሶው ጋ ልንደርስ ስንል ከጀርባዬ የጭነት መኪና ድምፅ መጣ። ቄሱ ሥላሴን ጠሩ። እኔ ዞሬ ነጠላዬን ሽቅብ ይዤ መንገዱ መሀል ተገተርኩ። ሾፌሩ ያየኝ ከተቃረበኝ በኋላ ነው። ጎማው ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ቆመ፣ ከዚያ በመስኮት ብቅ ብሎ የስድብ መዓት አወረደብኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ሰውየው ሰይድ ይባላል፣ ከአልዩ አምባ ማዶ፣ መኪና ከማይገባበት አገር ያለ ገበሬ ነው። እናቱን ከወንድሙ ጋር ተሸክመው ሲወጡ አድረዋል። እናቲቱ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። በወንበርህ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ቄሱ ጋቢያቸውን አለበሷቸው፣ እኔ ከኋላ ትርፍ ጎማው ላይ ቁጢጥ አልኩ። ንዳ ያለው ሰው ለወንድምየው ተጠጋለት። ትንሽ እንደሄድን ሰይድ ሽፈራው የት ሄደ፣ ታሟል እንዴ ብሎ ጠየቀ። መሞትህን አልሰማም ነበር። ዮናስ ነገረው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን።

ለምን እጅህን አልዘረጋህም ብዬ ጠየቅኩት። አልቻልኩም፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ለሽፈራው መኪና እኛ አገር እጅ አይዘረጋም አለኝ። ክላክሱ ሁለቴ ከተሰማ ይቆማል፣ የሚቆምን መኪና ቁም ማለት ሰውየውን እንደ መጠርጠር ነው አለኝ።

ይሄን ስትሰማ አሁንም ትስቃለህ፣ አውቅሃለሁ። እኔ ግን ጎማው ላይ ሆኜ ደብረ ብርሃን እስክንገባ አለቀስኩ። ያስፈራን ሰው እኮ እጁን ያልዘረጋው ስላመነን ነው።

ገዢው ስልኬን ሲያቃጥለው እኔ ሆስፒታል በር ላይ ነበርኩ። አሮጊቷ አልጋ ካገኙ በኋላ ሄጄ ቁርጡን ነገርኩት፣ መኪናዋ አትሸጥም። ቃል አይደለም ወይ አለ፣ እውነቱን ነው። ታደሰ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም፤ ፋሲካን እንኳ ሳይመጣ ቀረ። ልጅሽን በእጅሽ ወደ ሞት ላክሽው ያለኝ ቃል እንደ ዛሬ ባለ ቀን ይመጣብኛል። አሮጊቷ ድነው ገብተዋል። በየጊዜው ሎሚ ይልካሉ፤ ቤቱ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ከዚያ ወዲህ ዮናስን አትቁም ብዬው አላውቅም። እንዲያውም ጠዋት ሲወጣ ወንበሯን በጨርቅ የምጠርጋት እኔ ነኝ። ግን ጀግና ሆነች ብለህ እንዳታስብ፤ እፈራለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ እየፈራሁ ነው። ደግነት ፍርሃትን ያስወግዳል ያለ ሰው ልጁን በጉም መንገድ ሰድዶ አያውቅም። አንተስ፣ ኮሶው ጋ በቆምክ ቁጥር ትፈራ ነበር? ሳልጠይቅህ ሄድክ። ፈርቼ አላውቅም ትለኝ እንደሆን ግን አላምንህም።

አሁን ጭራሽ ሊጨልም ነው። ሁለቴ ደጅ ወጥቼ ተመለስኩ። ጉሙ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ምናልባት ጎማ ተንፍሶበት ይሆናል። ምናልባት አንድ ሰው ኮሶው ጋ እጁን ሳይዘረጋ ቆሞ ይሆናል፣ ያ ሰው ደግሞ ሰይድ ላይሆን ይችላል። ወረቀቱ በደንብ አይታየኝም፣ ጽሕፈቴ ከተበላሸብህ ይቅር በለኝ።

ሽፌ፣ ልጄ በሰላም ይግባልኝ እንጂ ቃሌን ልስጥህ። አይደለም፤ ቢገባም ባይገባም ቃሌ ነው። ያቺ ወንበር ላይ ዳግመኛ አልቀመጥም። ስምህን በቤተ ክርስቲያን ብቻ አላነሳም፤ ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ስጠርግ አነሳሃለሁ፣ የቆላ ሰው በርዶት ሳይ አነሳሃለሁ። እየተራገምኩም ቢሆን አልረሳህም፤ ድሮም እየተራገምኩ ነው የወደድኩህ።

ቆይ።

ታችኛው ዳገት ጋ ክላክስ ተሰማ። አንዴ።

ሁለቴ።

ተመስገን። ይሄ ያንተ ልጅ ሲያስጨንቀኝ ውሎ ደግሞ በዚህ ጉም ሰው ጭኖ መጣ። ልነሳና ልጩህበት፤ ድስቱንም መልሼ ልጣድ።

አስካለህ