ስለ ወረደችው ቀኝ እጄ የቀረበ ማብራሪያ

ለተከበሩ የፓርቲያችን የከተማ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር፣
ለተከበሩ የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣
ለተከበሩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ሦስቱም እርስዎ ስለሆኑ አንድ ደብዳቤ ይበቃል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ወንበርዎ ያነበበውን ሌላው ወንበርዎ አላየሁም እንዳይል በሦስት ቅጂ አቅርቤዋለሁ፤ አራተኛውን ቅጂ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው በልብስ ስፌት ቤቴ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። የወገብዎ ሕመም መሻሉን፣ ባለፈው ጉባኤ መጨረሻ ላይ በድንገት የተዘጋው ድምፅዎም መመለሱን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔ ደኅና ነኝ። ቀኝ እጄም እንደ ማንኛውም ሰው እጅ ከትከሻዬ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትገኛለች፤ የተከሰስኩትም በዚሁ ነው።

«እጅን ያለ ፓርቲው ፈቃድ በማውረድ» የሚለው መጥሪያዎ ደርሶኛል። እንደ እኔ ያለ ተራ የምክር ቤት አባልና ልብስ ሰፊ ለአንዲት ክንዱ ይህን ያህል ትኩረት ሲሰጠው መኩራቱ አይቀርምና አመሰግናለሁ። ሆኖም ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እጄ እንዴት እንደወረደች ከመጠየቁ በፊት እንዴት እንደወጣች ላስታውስዎ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ፓርቲያችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር ትልቁን የፓርቲ ጨርቅ በምክር ቤቱ ሕንፃ ግንባር ላይ እንድሰቅል ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፤ የሰፋው ይስቀለው በሚለው የቆየ አሠራራችን መሠረት። መሰላሉ አንዱ መወጣጫው እንደላላ ባመለክትም፣ ይህ መሰላል ፓርቲውን ለብዙ ዘመን ያገለገለ መሆኑንና በነባር ንብረት ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከአባል እንደማይጠበቅ ከታች ሆነው አስረዱኝ። እኔም አምኜ ወጣሁ፤ አምኜም ወደቅሁ። ጨርቁ ስላልተቀደደ ሥራው ያለ ምንም ጉዳት መጠናቀቁ ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል፤ ስለ ጨርቁ ደኅንነት ላሳዩት አሳቢነት አሁንም አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ የተሰበረውን ትከሻዬን ካቃና በኋላ ቀኝ እጄን ወደ ላይ እንደተዘረጋች በጄሶ ጠቅልሎ፣ ከወገቤ እስከ ክርኔ በእንጨት ደግፎ ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ያውቀዋል። በየመንገዱ ታክሲ በቆመልኝ ቁጥር ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። ሥራ ፈትቼ የጨረታ ቦታ ጥግ ብቆም ሞተር የሌላት የእህል ወፍጮ አሸነፍኩ። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሳልፍ ደግሞ ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡት ወላጆች አይተውኝ፣ የሚማር ልጅ ሳይኖረኝ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ሰዉ ምን ያድርግ፣ እጅ ሲወጣ ማመን ለምዷል።

ሁለተኛ፦ በዚሁ ሁኔታ ወደ ምክር ቤቱ ስመጣ የአደባባዩ ስም ለሦስተኛ ጊዜ ይቀየር ወይስ አይቀየር በሚል ድምፅ ይሰጥ ነበር። እርስዎ «የሚደግፍ?» ሲሉ እጄ ተቆጠረች። «የሚቃወም?» ሲሉም እጄ እዚያው ነበረች። «ድምፀ ተዓቅቦ?» ሲሉም የትም አልሄደችም። ተነሥቼ ይህ ጄሶ እንጂ አስተያየት አይደለም ብዬ ባስረዳ፣ ደንቡ «እጁን ያወጣ» እንጂ «እጁ በምን የወጣ» እንደማይል አስታወሱኝና እስከ ዛሬ የሕግ ባለሙያዎች ሁሉ ሊማሩበት የሚገባውን ብይን ሰጡ፤ ድጋፍ ላይ እጅ ናት፣ ተቃውሞ ላይ ጄሶ ናት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ብቻ አላጨበጨብኩም፤ አንድ እጅ አያጨበጭብምና ይህንንም እንደ ተቃውሞ ሳይቆጥሩብኝ በማለፍዎ ባለውለታዎ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ወር ሳይሞላ «እጁ ያልታጠፈ ምስጉን አባል» የሚል የምስክር ወረቀት ሸለሙኝ። አዲስ ምልምሎችን እያመጡ በስፌት መኪናዬ ፊት አቁመው አሳዩኝ፤ አንደኛዋም ጄሶዬን ነካ አድርጋ በስንት ዓመት ልምድ እዚህ እንደሚደረስ በትሕትና ጠየቀችኝ። በአንድ እጄ ሱሪ ማሳጠር አቅቶኝ ደንበኞቼ ወደ ጎረቤት መሄዳቸውን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ለጤናቸው።

አራተኛ፦ አሁን ወደ ከባዱ ደረስኩ። በጤና ጣቢያችን ያለው የወሊድ ክፍል ወደ አባላት ማሠልጠኛ አዳራሽ እንዲቀየር ያቀረቡትን ሐሳብ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ክፍሉ ብርሃን እንደሚያስገባ፣ ግድግዳው ለመፈክር እንደሚመች፣ የወላዶችም ጩኸት አጠገቡ ባለው የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ስብሰባ እንደሚያውክ በዝርዝር ቀርቧል። ምጥ የያዛት ሴት የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚሞላውን ወንዝ ተሻግራ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች ማለት አይደለም ወይ ለሚለውም «እናቶች አስቀድመው ቢያቅዱ» የሚል መልስ ተሰጥቷል። እንግዲህ የኔ ባለቤት በዚያ ክፍል አዋላጅ መሆኗን፣ የበኩር ልጄም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ መግባቱን ያውቃሉ። ከዚያ በላይ ግን እኔ ወደዚህ ፓርቲ የገባሁት በፕሮግራሙ ላይ «ማንም እናት በወሊድ ምክንያት አትሞትም» የሚል መስመር አንብቤ ነው። መስመሩ አሁንም አለ፤ ካላገኙት ገጹን አጥፌ ልልክልዎ እችላለሁ።

ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንደምቃወም አስቀድሜ ሳሳውቅ በፈገግታ ተቀብለው፣ በሻይ አስተናግደው፣ «አንተ መቃወም መብትህ ነው፤ እጅህ ግን በፓርቲ ሥራ ላይ ስለተሰበረች የፓርቲው ናት» ብለው አሰናበቱኝ። በደረጃው ስወርድ የትኛው ጎኔ ነፃ እንደሆነ ለማወቅ ግራ ገብቶኝ እንደነበር አልደብቅም።

አምስተኛ፦ ጄሶው የሚፈታበት ቀጠሮ በወሊድ ክፍሉ ላይ ድምፅ ከሚሰጥበት ጉባኤ በፊት ነበር። ሐኪሙ ግን ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ ጭንቅላቱን እያከከ «አጥንቱ ደርሷል፤ መመሪያው ነው ያልደረሰው» አለኝ። ሕክምናዬ እስከ ጉባኤው ማግስት እንዲራዘም ከጽሕፈት ቤትዎ የተጻፈለት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሊቀ መንበር ሆነው፣ አፈ ጉባኤ ሆነው፣ ሰብሳቢ ሆነው፣ በዚህ ሁሉ ጥበት መካከል ለአንድ ተራ አባል አጥንት ጊዜ መስጠትዎ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚህ በታች ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ የክሱ ፍሬ ነገር ነውና ቀጥ ብዬ ልናገር።

በጉባኤው ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ጄሶውን በሞቀ ውኃ አርሳ በጨርቅ መቁረጫ መቀሴ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። መቀሱን ያቀበልኳት እኔ ስለሆንኩ እሷ እንዳትጠየቅብኝ። እየቆረጠች አንገቷን ሳታቀና የልጃችን ደም ግፊት ከፍ ማለቱን፣ በዚያ መንገድ ብትወጣ ወይ እሷን ወይ ልጁን እንደምናጣ ነገረችኝ፤ አዋላጅ ናትና ቃሏን አላሳመረችውም። ጄሶው ወለቀ። እጄ ግን፣ ጌታዬ፣ አልወረደችም። ከስታ፣ ነጥታ፣ ማንም ሳይደግፋት እዚያው ቀረች። ባለቤቴ ቅባት አምጥታ ብታሻት፣ ብትጎትታት፣ በመጨረሻም ብትቆጣት እምቢ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ እጅ እኮ ፓርቲ ገብታለች!» ብላ ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እጄ የወረደችው በምክር ቤቱ በር ላይ ነው። ከመጋጠሚያዋ ቀጭ ብላ፣ ዝግ እያለች፣ ከነሕመሟ ወረደች። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ጎረቤቶቼ አንድ ነገር እንደጎደለብኝ ያህል አዘኑልኝ። ብዙ ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ በዚያ ጠዋት ስንት አባል ሆዱን እንዳመመው እርስዎም ታዝበዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ስለ እነሱ ምንም አልልም። እርስዎ «የሚደግፍ?» ብለው ሲጠይቁ ያቺ ጉደኛ እጄ በልማዷ ከጭኔ ላይ መነሣት ጀመረች። እምላለሁ፣ እኔ አላዘዝኳትም። ስለዚህ ተቀመጥኩባት። በሙሉ ክብደቴ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ያ ገና የጠገገ ስብራት እያቃጠለኝ፣ እርስዎ ቆጥረው እስኪጨርሱ ድረስ ተቀመጥኩባት። ፓርቲዬን ያን ዕለት ያህል ወድጄው አላውቅም፤ የተቀመጥኩትም በራሴ እጅ ላይ እንጂ በማንም ላይ አይደለም።

ሐሳቡ አንድ ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። ልጄም በአራተኛው ቀን በዚያው ክፍል ወለደች። ደሟ አልቆም ብሎ እናቷ በጉልበቷ ተንበርክካ የታገለችበትን ሰዓት በጽሑፍ ማሳመር አልፈልግም፤ ወንዙ ያን ዕለት ሞልቶ ነበር፤ እናትና ልጅ በሕይወት አሉ፤ ይኸው ነው።

ስለ ቅጣቱ ግን ፓርቲው እንዳይጎዳ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጄሶውን አልጣልኩትም። የተሰነጠቀውን ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሜ፣ በወፍራም መርፌና በሰም በተቀባ ክር በድርብ ስፌት ጠቅሜ፣ ከነደጋፊ እንጨቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። የፓርቲው ንብረት መሆኑን ራስዎ ስለነገሩኝ ርክክቡ ይደረግልኝ። በእኔ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ከእኔ የተሻለ ያገለግልዎታል ብዬ አምናለሁ፤ አበል አይጠይቅም፣ ፕሮግራም አያነብም፣ አዋላጅ ሚስት የለችውም፣ የምታምጥ ልጅም የለችውም፣ ጠዋት ተነሥቶ ሆዴን አመመኝ አይልም። ተቃውሞ ሲጠየቅም እንደወጣ መቅረቱ ነውር ከሆነ፣ በዚህ ረገድ አስቀድመው ብይን ሰጥተዋል።

እኔ ግን ከነቀሪው አካሌ ከምክር ቤቱ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ የምስክር ወረቀቱም ተጠቅልሎ በጄሶው ውስጥ ስላለ ሲያወጡት እንዳይቀደድ አደራ።

በሁለቱም እጆቼ እጅ የምነሣዎ፣ ሱሪዎ ቢጠብም ቢሰፋም ያለ ወረፋ የማስተናግድዎ፣ መሰላል በሚወጡበት ቀን ሁሉ ስለ ደኅንነትዎ ከሌላው አስበልጬ የምጸልይልዎ፣

የቀድሞው ምስጉን አባል፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ መጥሪያዎ ያቺ የጎደለችው አንድ ድምፅ የእኔ ናት ይላል። የእኔማ በወንበሬና በእኔ መካከል ነበረች፤ ሁሉም አይቷል። ነገር ግን ያን ዕለት ከእርስዎ ፊት ለፊት የነበርነው ሁሉ ሌላም ነገር አይተናል። እርስዎ በቀኝ እጅዎ እስክሪብቶ ይዘው የእኛን እጆች አንድ በአንድ እየጠቆሙ ሲቆጥሩ የራስዎን ማውጣት ረስተው፣ ድምር ብለው አወጁ። ዘወትር ድምፅ ስለሚተርፍዎት የእርስዎ ተፈልጋ አታውቅም ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። የወሊድ ክፍሉን ያተረፈው የእርስዎ እጅ አለመውጣቱ ስለሆነ፣ እኔን ለማመስገን ስፌት ቤቴ የተሰበሰቡትን እናቶች ተሳስታችኋል ብዬ ወደ እርስዎ መርቻቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ሕፃናታቸውን አዝለው፣ ስምዎን እየጠሩና እልል እያሉ ቢሮዎ ደጃፍ ይመጣሉ። የበላይ አካል ጎብኚዎችም በዚያው ሰዓት እንደሚመጡ የሰማሁት እናቶቹ ለመምጣት ከቆረጡ በኋላ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ።