«በርቺ» የሚሉት መድኃኒት

ይድረስ ለልጄ፤ ከደግ ሰው ይጣልህ፣ የምትረግጠው መሬት ይለስልስልህ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እንዳልጀምር ደሜ ፈልቷል።

ታናሽ እህትህ ቀን ሱቅ ስትሸጥ ውላ ማታ ኮሌጅ ስትማር እንቅልፍ ከራቃት ሰነበተ። ክፍል ውስጥ እንባዋ ሲያመልጣት አስተማሪዋ «የምክር አገልግሎት» ወደሚባለው ቢሮ ላከቻት። እዚያ የተቀመጠው ማን መሰለህ? የስፖርት አስተማሪው! ጭንቀቷን ተናግራ ሳትጨርስ «ትልቅ ልጅ አያለቅስም» ብሎ ተቆጣትና፣ ሩጫ ላይ ያለች ይመስል «በርቺ!» ብሎ ሸኛት። ምክር ማለት ቁጣ መስሎታል፣ ፊሽካ ነፊ!

ይህን ስሰማ ጨርቄን ማቄን አላልኩም። የደንበኛዬን ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ ጥዬ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ የኮሌጁ ዲን ቢሮ ገባሁ።

«እናቴ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛ ትንሽ ኮሌጅ ነን» አለኝ።

«ኮሌጁ ቢያንስ የልጆቹ ጭንቀትም ያንሳል እንዴ?»

ብዬው ወጣሁ። ነገ የተማሪዎቹን እናቶች ይዤ እመለሳለሁ፤ ባለሙያ እስኪቀጥር ከበሩ ንቅንቅ አንልም።

አክስትህ ጉልበቷን ተሽሏታል፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ጣሪያውም ተጠግኗል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለእህትህ ስትደውል «በርቺ» እንዳትላት። ዛሬ ጠዋት አምልጦኝ ብላት፣ ጫማዋን ማሰሯን ትታ «እማዬ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ነው የሚበረታው?» አለችኝ። አንተ ዝም ብለህ ስማት።

ሰሚ ጆሮ ይስጥህ፤ ላንተም ሰሚ አያሳጣህ።

እናትህ