የአባ ጠርጥር የሕይወት ታሪክና የሁለቱ አረንጓዴ ፈርጦች ጉዳይ

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1938 ዓ.ም. አንድ መስኮት ብቻ በነበረው የጥግ ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተምረዋል። መምህሩ ተሳስተው ይሆናል በማለት ውጤታቸውን ራሳቸው ደግመው ይደምሩት እንደነበር ታላቅ እህታቸው ይመሰክራሉ።

በ1955 ዓ.ም. ከአንድ የከበሩ ድንጋዮች ቆራጭ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ከተማሩ በኋላ አቻ ፈላጊ ሆኑ። አቻ ፈላጊ ማለት ለጆሮ ጌጥና ለሐብል የሚሆኑ ፈርጦችን በቀለምና በመጠን አመሳስሎ የሚያጣምር ባለሙያ ነው። በአረንጓዴ ቱርማሊን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ይህ ድንጋይ ባገላበጡት ቁጥር አረንጓዴው ስለሚለዋወጥ ጠርጣራ ዓይን ይፈልጋል። እርሳቸውም የመብራት ብርሃን አያምኑም፤ ነጋዴ አያምኑም፤ ሚዛን አያምኑም፤ ትናንት ያጣመሩትን ዛሬ ረፋድ መስኮት ሥር ደግመው ያያሉ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የዘወትር ቃላቸው ስለነበር ባልደረቦቻቸው አባ ጠርጥር ይሏቸው ነበር። በከተማው ነጠላ ቱርማሊን የገዛ ነጋዴ ሁሉ አቻ ለማስፈለግ የሚሄደው ወደ እርሳቸው ነው።

በ1964 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ለሠርጋቸውም ለእናታችን ከአንድ ድንጋይ የተቆረጡ ሁለት ቱርማሊኖችን የጆሮ ጌጥ አሠርተው ሰጥተዋቸዋል። እናታችን በ1995 ዓ.ም. ሲያርፉ ፈርጦቹን አስነቅለው ሁለት ቀለበት አሠሩና ለእኔና ለታናሼ አንዳንድ ሰጡን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ እናታችን ባረፉበት ቀን ረፋድ ላይ፣ እጃችንን መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አስዘርግተው ቀለበቶቹን በማጉያ መነጽር ይመረምሩ ነበር። “ልክ ናቸው” ይሉና ማጉያውን ያጥፉታል።

እዚህ ላይ ታላቂቱ ልጃቸው፣ ማለትም ይህን የምጽፈው እኔ፣ የምናዘዘው አለኝ። በ1999 ዓ.ም. የስፌት ሱቄ ሊዘጋ ሲል ራቅ ያለ ሰፈር ሄጄ ፈርጡን ሸጥኩና በቦታው አረንጓዴ መስታወት አስገባሁ። በዚያ ዓመትም ቀኑ ሲደርስ እጄን ከታናሼ እጅ ጎን ዘረጋሁ። አባቴ ከወትሮው አስረዝመው አዩ፤ “ልክ ናቸው” አሉ። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። በዚያው ሳምንት ለአንድ ጌጥ ቤት አሥራ ሁለት ፈርጥ አጣምረው እንዳስረከቡ እያወቅሁ ነው ያመሰገንኩት።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ታናሼ ቀለበቴን በጎን ታይ ጀመር። ነቅታብኛለች ብዬ እኔም እሷ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ትነግርብኛለች ስል ቤቷ መሄድ ተውኩ፤ እሷም ቤቴ መምጣት ተወች። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ እናት እንዳልወለደችን ኖርን።

አባታችን በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመሙ። የመጀመሪያው ሐኪም ያላቸውን በሁለተኛ፣ የሁለተኛውን በሦስተኛ አስመርምረው፣ ሦስቱም አንድ ቃል ቢሆኑ “ተነጋግረው ነው” ብለዋል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው አረፉ።

ለዚህ ጽሑፍ ሽፋን የሚሆን ፎቶ ስንፈልግ ከታናሼ ጋር የሥራ ጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፈትን። አንዲት የታጠፈች ወረቀት ወጣች። ውስጧ የእናታችን ሁለት ፈርጦች አሉ። ከእኛ የገዟቸው ነጋዴዎች አቻ ፍለጋ ወደ እርሳቸው ወስደዋቸው ኖሯል፤ እርሳቸውም መልሰው ገዝተዋቸዋል። ወረቀቷ ላይ በእጅ ጽሑፋቸው “1999” እና “2003” የሚል ሰፍሯል፤ ከሥሩም “ጥንድ። አይሸጥም።” ይላል። ታናሼ አነበበችና “አንቺም?” አለችኝ። የእሷን ለልጇ ሕክምና ሸጣው ነበር። እዚያው መሳቢያው ሥር ተቀምጠን ተቃቅፈን አለቀስን።

አባታችን ሁለት ሴት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ፈርጦቹን አልተካፈልንም፤ በወረቀታቸው ውስጥ አብረው አሉ። ሁሉን ጠርጥረው፣ የእኛን ግን አውቀው ዝም ያሉትን የአባታችንን ነፍስ ፈጣሪ እርሳቸው እጃችንን ባዩበት ዓይን አይቶ ይቀበልልን።