ፀሐይ የሸለሙኝ ሰሞን

ጥቅምት 4
ዛሬም ኮሌታ። ነገም ኮሌታ። ሙሉ ሸሚዝ እንዴት እንደሚሰፋ ልረሳው ነው መሰለኝ... ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው የፋብሪካው ግቢ ወጥተን ግንቡ ሥር ተቀመጥን። "ኧረ ይሄ ፀሐይ አናታችንን በሳው!" እያልን ስንማረር ሰዓቱ አለቀ። የባሌ እህት ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የበላችው። የስፌት መኪናችን ጎን ለጎን ነው፤ ግን ከሰርጌ ቀን ጀምሮ ተኮራርፈናል። በእንግዳ ፊት "እጇ ይሰፋል፣ አፏ ግን አልተሰፋም" አለቻ! ይረሳል?

ጥቅምት 9
አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ ቅቤ የሆነ ሰው። "እናንተ ቤተሰቤ ናችሁ" አለን። ከዚያ ወደ ግቢ የሚያወጣውን በር አስቆለፈው። ከእንግዲህ ምሳ መኪናችን ላይ፤ ግቢ መውጣት የለም። ሽንት ቤቱ ግቢ ስለሆነ እሱም በፈቃድ።
"ቤተሰብ በሩን ይቆልፋል" አለ።
ይቆልፋል እንዴ? አዎ፣ ማታ ይቆልፋል። ሌባ እንዳይገባ።

ጥቅምት 11
እኔ ውሃ እንኳ የማልጠጣ ሰው፣ ጠዋቱን ሙሉ ሽንቴን ሳስብ ዋልኩ። ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ ተፈቀደልኝ። ሄድኩ... ምንም የለም። ትንሽ ሰማይ አይቼ ተመለስኩ። ሁላችንም እንደዚያው ሆነናል። በሩ ሲዘጋ ፊኛችን አመፀ።

ጥቅምት 18
ስብሰባ። "የሥራ ተነሳሽነታችሁ ወድቋል" አለን። እውነቱን ነው፣ ከበሩ ጋር ነው የወደቀው። "ስለዚህ ከሁሉም አብልጣ የሰፋች ትሸለማለች።"
አንገታችንን አሰገግን። ጭማሪ ይሆን? ዕረፍት?
"ምሳ ሰዓት ላይ ግቢ ትወጣለች። ብቻዋን።"
ሳቅን። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ግን የመኪናው ጩኸት ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። የሚስቅ የለም... እኔስ? እኔማ ፔዳሉን እንደ ጠላት ነው የረገጥኩት።

ጥቅምት 25
አሸነፍኩ!!
ብቻዬን ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በመስኮት ያዩኛል። ፀሐይዋ ስትጣፍጥ! እንደ ሙሽራ አንገቴን ሰብሬ ሞቅኋት።
ማታ ለባሌ ነገርኩት።
"ምን ሸለሙሽ?"
"ግቢ መውጣት።"
"የቱ ግቢ?"
"የፋብሪካው።"
"ድሮ ሁላችሁም የምትቀመጡበት?"
"አዎ፣ አሁን ግን ብቻዬን ነው!"
"በይ እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ምቀኛ።

ጥቅምት 30
ሹመት! ሥራ አስኪያጁ "አንቺ ታማኝ ነሽ" ብሎ የበሩን ቁልፍ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ስፌት ቀረ፤ ሥራዬ መክፈትና መዝጋት። ትናንት "አንቺ" ስትለኝ የነበረችው ዛሬ "እሜቴ" አለችኝ። አንዷ ብርቱካን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ጣፋጭ ነበር... አንድ ሰው ቆሞ ፊቴን ሲያነብ ደስ ይላል ለካ። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ኅዳር 3
የባሌ እህት ፊቴ መጥታ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል፤ ወሯ ሊገባ ነው።
"ክፈቺልኝ" አለች። ከሰርጌ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።
"ተራሽን ጠብቂ።"
"እባክሽ፣ ልጁ ፊኛዬ ላይ ነው የተኛው።"
"ቤተሰብም ሥርዓት አለው" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት? ድምፁ ግን የሱ... ቅቤ ቅቤ የሚለው።
ተመልሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ከጨርቁ ቁርጥራጭ አነሳች፤ እንደምንም አጎንብሳ ወንበሯንና የረጠበውን ወለል ጠረገች። ማንም አልሳቀም። እኔ ቁልፌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜያለሁ።
እራት አልበላ አለኝ። ባሌ "አመመሽ?" አለኝ። እህትህን ምን እንዳደረግኋት ብነግረው...

ኅዳር 4
ጠዋት በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። "ውጡ" አልኩ።
ማንም አልተነሳም! "ወጥመድ ነው" ሲሉ ሰማሁ። "ማን እንደሚወጣ ሊያዩ ነው።" ነፋሱ ፊታቸውን እየመታቸው አጎንብሰው ይሰፋሉ።
የባሌ እህት ጋ ሄድኩ። "ትናንት በደልኩሽ። ይቅር በይኝ።"
"ይቅርታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ደግፊኝ" አለች። ክንዷን ይዤ ወጣን። ከኋላችን አንዷ መቀሷን እንደያዘች ተነሳች። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ግቢው ሞላ።
ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። "ማን ከፈተ?"
"እኔ።"
"በማን ፈቃድ?"
"በሽንት ፈቃድ!" አለች የባሌ እህት።
ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከሥራ ተባረርኩ።

ኅዳር 9
የባሌ እህት ቤታችን መጣች። ቤቴን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ትራስ ደረብኩላት። ይቅርታውን አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወሬ ግን ይዛለች። ቁልፉን "ውሰጂ" ብትባል የምትቀበል ጠፋች። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በሩ ላይ ቆመ! ሴቶቹ ተስማምተው አንዷ ስትመለስ ሌላዋ "ፈቃድ" ትላለች።
"ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው" አለች። "ትናንት 'እባካችሁ፣ እኔም መሄድ አለብኝ' ሲል ሰማነው።"
"እና?"
"'ተራህን ጠብቅ' አልነው።"
ባሌ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ኅዳር 14
ሥራ አስኪያጁ ሰለቸው። በሩን ክፍት ጥሎት ቢሮው ገባ አሉ። እኔን ግን ማንም ተመለሺ አላለኝም። ጎረቤት የቆመ የስፌት መኪና አውሶኛል፤ ከቤት መስፋት ጀመርኩ። ሙሉ ሸሚዝ! እጅጌው ትንሽ ጠመመ።

ኅዳር 17
የራሴ አለቃ ነኝ። ስፈልግ እሰፋለሁ፣ ስፈልግ እተኛለሁ። የቤቱ በር ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል።
ዛሬ ጠዋት እየሰፋሁ ሳለ ተነሳሁና ባሌን፣ "ልውጣ?" አልኩት።
"ወዴት?"
"ሽንት ቤት።"
ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጎናችን እስኪወጋን አብረን ሳቅን።
ሳቁ አለቀ። እሱ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።
እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነበር... መልሱን እየጠበቅኩ።