የአባዬን ጎማ ማን ገዛው

ውድ ወንድሜ ዌስሊ፣

ባለፈው እሑድ ስትደውል «መስመሩ አልሰማ አለኝ» ብዬ የዘጋሁት ውሸቴን ነው። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ፍሎሪዳ የጎረቤትህ ውሻ ሲጮህ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። የዘጋሁት አንድ ቃል ብጨምር ክፉ ስለሚወጣኝ ነው። ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ በወረቀት ልመልስልህ። በወረቀት አታቋርጠኝም።

የጠየቅከኝ እንዲህ ብለህ ነው፦ «እታለም፣ ልጄ ክሪስታ መኪና ገዛች። የምትኖርበት ዱሉዝ ደግሞ በረዶው ከእናንተ አገር አያንስም። ያ ለአባዬ የላክሁለት ጎማ ስሙ ማን ነበር? ዓመቱን ሙሉ የሚሆነው፣ የማይጮኸው፣ በረዶ ላይም የማይከዳው? አባዬ ሲያመሰግነኝ አፉ አይዘጋም ነበር እኮ!»

«የላክሁለት» አልክ። ሳታፍር አልከው። እኔን የገረመኝ ደግሞ አለማፈርህ አይደለም፤ አምነኸው መናገርህ ነው።

አባዬ ኩላሊቱ እምቢ ካለ ወዲህ ለእጥበት ማርኬት ከተማ ሆስፒታል ድረስ የማመላልሰው እኔ እንደነበርኩ ታውቃለህ። ታውቃለህ የምለው ስለነገርኩህ ነው እንጂ ስላየኸው አይደለም። መንገዱን አልረሳኸውም፤ ከከተማችን ከላንስ ከወጡ በኋላ ጫካ ለጫካ ነው። መኪናው ላይ የነበሩት እነዚያ ጥርሳቸው የገጠጠ የበረዶ ጎማዎች ናቸው፤ እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬ በበጋም ሳያወልቃቸው የሚነዳባቸው። ጭቃ አይፈሩ፣ በረዶ አይፈሩ። አስፋልት ላይ ሲሆኑ ግን ወፍጮ ቤት የገባህ ይመስልሃል። ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ የጨረሰ ሰው ምን ጆሮ ይተርፈዋል? ጆሮው ላይ የሚሰካው መሣሪያ ደግሞ የእኔን ድምፅ ትቶ የጎማውን ጉምጉምታ ያጎላለታል። ገና ከከተማ ሳንወጣ ነቅሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ እሱ መስኮቱን፣ እኔ መንገዱን እያየን፣ ሄደን እስክንመለስ እንደተኳረፈ ባልና ሚስት።

ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ «ብዙ አይቆይም» አለችኝ። እጥበት ላይ ያንቀላፋል፤ ቤት ሲገባ ደክሞት ይተኛል። የምንነጋገርበት ቦታ የቀረን መኪናው ብቻ ነበር። ስለ እማዬ፣ ከአያታችን ጋር ከፊንላንድ ስለመጡት ሰዎች፣ ስለ ራሱም ቢሆን፣ ሳይሄድ አንድ ነገር እንዲነግረኝ ፈለግሁ። ስለዚህ ዝም የሚል ጎማ አማረኝ። ይህንን ነው በስልክ የነገርኩህ።

አንተ ሳቅህ። «ጎማ ጎማ ነው፣ ኤልማ። አታካብጂው። እኔ እልክለታለሁ» አልክ።

ላክህ። ይህንን አልክድህም። ጎማዎቹ ዶርን ጎማ ቤት የደረሱ ዕለት አባዬ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ነው የሄደው። ዶርን እየፈታ ሲያስር አጠገቡ ቆሞ፣ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ነው የላከልኝ፣ ከፍሎሪዳ!» ይል ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ የጎማውን ጎን አየሁ። «ለአራቱም ወቅት» ይላል። ያ በተራራ ውስጥ የበረዶ ኮከብ ያለበት ምልክት ግን የለም። በደንብ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ያ ምልክት አለው፤ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አንተም ታውቀው ነበር።

«ዶርን፣ ይሄ ነገር በረዶ ይችላል?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለፍሎሪዳ ሰው ግሩም ጎማ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ማታ እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። በረዶ ሳይጀምር እንለውጠው አልኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝና «የወንድምሽን ስጦታ ልታስወልቂብኝ ነው? ይሄ ቅናት ከልጅነትሽ አለቀቀሽም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎማ ማውራት ቀረ።

ጎማዎቹ ዝም ይሉ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። አባዬ መሣሪያውን ከጆሮው አላወጣም። አወራኝ። ምን እንዳወራኝ ልንገርህ? ስለ አንተ። ሐይቁ ላይ በረዶ ሰርስረህ የመጀመሪያውን ዓሣ ስታወጣ፣ የሳውና መታጠቢያ ቤቱን ሠርተህ ጣሪያውን ስታጣምም፣ ወደ ደቡብ የሄድክ ዕለት አውቶቡሱ እስኪሰወር ቆሞ እንዳየህ። «ዌስ ሲስቅ እናቱን ነው» ይለኛል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ መሪ ይዤ «አዎ አባዬ» እላለሁ። አንድ ቀን «ስለ እኔስ ምን ታስታውሳለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አንቺማ ሁልጊዜ እዚሁ ነበርሽ» አለኝ።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ወረደ። በጠዋት ነው፤ ወደ እጥበት እየሄድን ነው። ሐይቁን ይዞ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ታስታውሳለህ። እየተጎተትኩ ነበር የምነዳው። ከፊታችን ያለው የበረዶ ጠራጊ መኪና ሲቆም ፍሬን ነካሁ፣ በቀስታ። ጎማው ግን እንደተወለወለ ወለል ተንሸራተተ። መሪውን ባዞረው መኪናው አልሰማኝም። ከመንገድ ወጥተን ቦይ ውስጥ ገብተን ከጥድ ጋር ተጋጨን። የአባዬ ግንባር ደማ። እኔ ስጮህ እሱ አልጮኸም፤ በእጁ ደሙን እያበሰ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦

«ለዌስ እንዳትነግሪው። ያዝናል።»

የዚያን ቀን እጥበት አመለጠው። እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት በማግስቱ አስተኙት። ስትደውል «ጉንፋን ነው» ያልኩህ ያን ጊዜ ነው።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጎማ ፍለጋ ወጣሁ። የድሮዎቹን መልሼ ባስር በረዶውን ይችላሉ፣ ግን አባዬን መልሰው ደንቆሮ ያደርጉብኛል። ሁለቱንም እፈልጋለሁ ብዬ ዶርን ዘንድ ሄድኩ። «ዝም የሚል ጎማ በረዶ አይነክስም፣ በረዶ የሚነክስ ዝም አይልም» አለኝ። «ሁለቱም ያለው ባል ፈልግልኝ ብትዪኝ ይቀለኛል።»

እሑድ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቆመውን መኪና ሁሉ እየዞርኩ፣ በጭቃና በበረዶ ውሃ ተንበርክኬ የጎማ ጎን አነበብኩ። ወይዘሮ ቴልማ ኮስኪ ቦርሳዋን እንዳቀፈች መጥታ ቆመችብኝ።

«ምን ጠፋብሽ፣ ልጄ?»

«ጎማ እየመረጥኩ ነው።»

«ከእኔ መኪና ላይ ልትሰርቂ?»

የእሷ ጎማ ላይ ምልክቱ ነበር። ጥርሶቹ እንደ ድሮዎቹ የገጠጡ አይደሉም፤ ደቃቅና የተጠጋጉ ናቸው፣ መጠናቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። በየጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ አለ፤ በረዶውን የሚይዘው እሱ ነው። በጣቴ ስጫነው በዚያ ብርድ ላስቲኩ አልደረቀም። «ቤት አድርሺኝ» አልኳት። ፊቱ የተጨረመተው የአባዬ መኪና እዚያው ቆሞ እያለ አደረሰችኝ። ከኋላ ተቀምጬ፣ አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወይዘሮ ቴልማ፣ የምትጋግሪው የሥጋ ፓስቲ ውስጥ ጨው ታበዣለሽ» አልኩ። «አንቺ ባለጌ፣ ሰምቼሻለሁ!» አለች። የእሷም ጆሮ ከአባዬ የተሻለ አይደለም። ከዚያ ያልተጠረገው አቀበት ላይ እንድታቆም ለመንኳት። ቆመች፤ እንደገና ተነሣች፤ ጎማው አንዴም አልሾረም። በማግስቱ ዶርን ያንኑ ዓይነት አስመጣልኝ።

አባዬ ከሆስፒታል ሲወጣ ከመኪናው ፊት ቆሞ ጎማዎቹን አየ። ፊቱ ጥቁር አለ። «የዌስን አወለቅሽው?» አለኝ። ግንባሩ ላይ የተሰፋው ቁስል ገና አልደረቀም። ምን ልበለው? «እሱ ራሱ ነው የለወጠልህ፤ እነዚህ ለበረዶ ይሻላሉ ብሎ ላከ» አልኩት። እንደ ሕፃን ነው የሳቀው። ያንን ሳቅ ለማየት የከፈልኩት ውሸት ነው፤ አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ደወለልህ። ስልኩን እንደሁልጊዜው ከፍ አድርጌለት ነበር፤ እኔ አጠገቡ ድንች እልጣለሁ። «ሁለተኛዎቹ ደግሞ ይበልጣሉ፣ ልጄ!» አለህ። ዝም አልክ። «የትኞቹ?» ትላለህ ብዬ ቢላዋውን አቆምኩ። አንተ ግን ያልከው ይሄ ነው፦ «ምን ማለትህ ነው አባዬ፣ ለአንተ ያልሆነ ለማን ሊሆን?»

አንዲት ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ ሁሉን እነግርህ ነበር። አልደወልክልኝም፤ በኋላም አልጠየቅከኝም። ላልሰጠኸው ስጦታ ምስጋና ተቀብለህ ኪስህ ከተትከው። በየካቲት አባዬ አርፎ ለስንብት ጸሎቱ መጥተህ ሕዝቡ ፊት ስትቆም ደግሞ አውጥተህ ለበስከው። «ሩቅ ብሆንም የአባቴ የመጨረሻ መንገድ ጸጥ ያለ እንዲሆን አድርጌያለሁ» አልክ። ሴቶቹ አለቀሱ። ዶርን ከኋላ ወንበር አየኝ፤ እኔ መዝሙር መጽሐፉን አየሁ። በማግስቱ አውሮፕላንህን ይዘህ ሄድክ።

የጎማውን ስም እዚህ አልጽፍልህም፤ አያስፈልግህም፣ እዚያ በረዶ የለም። ለክሪስታ ራሴ ደውዬላታለሁ። ምልክቱን ከጎኑ እንድታይ፣ ስንጥቁን በጣቷ እንድትዳስስ፣ ሳትገዛ በፊት የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጣ እንድታዳምጥ ነገርኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ የምትጠይቀውን ታውቃለች። «አክስቴ፣ አንቺ ይሄን ሁሉ በምን አወቅሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ አንተ ክፉ ቃል አልጨመርኩም፤ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ብቻ። ከዚያ «ለአባቴ እኔ ልንገረው?» አለችኝ። «የለም፣ እኔ እጽፍለታለሁ» አልኳት።

አሁን ሚያዝያ ነው። እዚህ ገና በረዶ ይወርዳል። በብርድ እንደ ድንጋይ የደረቀው መሬት ግን እየለሰለሰ ነው፤ የመቃብር ጠባቂው በግንቦት መጀመሪያ መቆፈር እችላለሁ ብሏል። አባዬ ከየካቲት ጀምሮ በመቃብር ስፍራው ማቆያ ቤት ተኝቶ የጠበቀው መሬቱ እስኪከፈትለት ነው። ፓስተሩ በቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ማን ይናገራል ብሎ ጠይቆኝ የእኔን ስም ሰጠሁት። ምን እንደምናገር ገና አላወቅሁም። ስለ ጎማ እንደማላወራ ግን እወቅ፤ አባዬን በሰው ፊት አላሳፍረውም።

ና። ልጁ ነህ፣ ማንም አይከለክልህም። ከፊት፣ አጠገቤ ቦታ እይዝልሃለሁ።

ግን ለመናገር እንዳትነሣ።

እህትህ
ኤልማ