ስሟ የጠፋኝ እንስሳ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አህያ። አሁን እጄ በቀላሉ ይጽፋታል። ዛሬ ረፋድ ላይ ግን በጉባኤው መካከል ተቀምጬ ስሟ ጠፋኝ።

አንባቢው የሆሳዕናውን ክፍል በግዕዝ አነበበ። እኔም እንደ ልማዴ መጽሐፍ ሳልመለከት ወደ አማርኛ እያወጣሁ ትርጓሜውን መስጠት ጀመርሁ። “አድግት ማለት” አልሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ሆነ። የምፈልገው አማርኛ ቀርቶ ሌላ ግዕዝ መጣ፤ እርሱን ተከትዬ ትርጓሜውን በሙሉ በግዕዝ ጨረስሁት። ደቀ መዛሙርቱ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያው ቅጽበት እህል የተጫኑ ሦስት አህዮች በቅጥሩ ሥር ወደ ይጁቤ ገበያ ሲወርዱ አየኋቸው። አይቼም ስማቸው አልመጣልኝም። አንዱ ተማሪ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

በዚህ ጉባኤ መምህር ሲናገር ቃል የሚያቀብል የለም። ደንቡን ያጸናሁት እኔው ነኝ።

ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። በዚህ አያያዝ ልጀምረው አላሰብሁም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጠዋት ቁልፍ የሚለው ጠፍቶኝ ባለቤቴን እናናን በግዕዙ “መርኆውን አቀብዪኝ” አልኋት። አልሳቀችም፤ ቁልፉን ከምሰሶው አውርዳ ሰጠችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። “ሃምሳ ዓመት ከአንቱ ጋር ኖሬ ይቺን አላውቅም?” አለች።

ከሰዓት በኋላ መምህር ስሙር መጣ። ከእኔው እግር ሥር ተምሮ ዛሬ ረዳቴ የሆነ ሰው ነው። ጫማውን እየተመለከተ፣ “የኔታ፣ ትንሽ ቢያርፉ” አለኝ።

“ማረፍ ለሞተ ሰው ነው።”

የደብሩ አስተዳዳሪ ስለ ሰኞው ጠይቆት እውነቱን ነግሮታል። እሑድ ከጽዮን በዓል በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ የመምህርነት ወንበሬ ለስሙር ይሰጥ ወይም አይሰጥ ይነጋገራል። አልተቆጣሁትም። እንዳይዋሽ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት የተቀመጥሁበትን ወንበር ለአንዲት አህያ ብዬ አልለቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ልጄ ጌታነህ ደብረ ማርቆስ ወደ አንዲት ወጣት ሐኪም ወሰደኝ። ዕለቱን ጠየቀችኝ። ቀኑን፣ ወሩን፣ የዘመኑን ወንጌላዊ፣ አበቅቴውን ሳይቀር ነገርኋት። እርሷ የጻፈችው አንዲት ምልክት ብቻ ነው።

ቀጥላ በአንድ ደቂቃ የቻልሁትን ያህል የእንስሳት ስም እንድጠራ አዘዘችኝ። ዐሥራ አንድ ጠራሁ። አህያ ከእነርሱ አልነበረችም። ፊቷ ላይ ርኅራኄ አየሁ፤ እርሱን አልወደድሁትም።

“ልጄ፣ የመረመርሽው ግማሽ ሰው ነው። አሁን ደግሞ በግዕዝ ጠይቂኝ” አልኋት።

“ማን ያርምልኛል፣ አባቴ?”

ወደ ጌታነህ አመለከትሁ። በልጅነቱ የቆሎ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያቋረጠ ነው። እኔ እንስሳቱን በግዕዝ ስጠራ እርሱ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ጣቱ አልቆ ሁለተኛ ዞረ፤ ከዚያ ተወው። “አባባ፣ ግማሹን እኔም አላውቀውም።”

“እንግዲህ የሚመረመረው አንተ ነህ።” ሐኪሟ ወረቀቷን አስቀምጣ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን እንዳይጠፋኝ እዚህ አኖራለሁ። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ መንገዱ ነው የዘገየ። ሁለት ልሳን የያዘ ሰው አንዱን ሲናገር ሌላውም በአእምሮው ነቅቶ ይቆያል፤ አእምሮ አንዱን ገትቶ ሌላውን ያሳልፋል። ዕድሜ ሲገፋ የመግታቱ ኃይል ይደክማል። ስም ደግሞ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይዘገያል።

ሁለት ልሳን ይዞ መኖር አእምሮን በእርጅና ያበረታል የሚሉ እንዳሉ፣ የለም የሚሉም እንዳሉ ነገረችኝ። አልተስማሙም። ይህ ደስ አለኝ፤ እኛም ቤት ለአንድ ንባብ አንድ ትርጓሜ ብቻ ሰጥተን አናውቅም።

ስንወጣ፣ “ቃሉ ሲጠፋዎት ወደ ግዕዝ አይሩጡ። ዝም ብለው ይጠብቁት” አለችኝ። ደግሞም፣ “የለመዱት መንገድ ወይም የሚያውቁት ሰው ፊት ከጠፋዎት ግን ፈጥነው ይምጡ።” ይህን ሁለተኛውን ለእናና አልነገርኋትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

በዚህ ሳምንት የጠፉኝ፦ አህያ። ቁልፍ። ወንፊት። የጎረቤታችን ልጅ ስም፣ ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው። ወንፊት ደግሞ ሁለት ጊዜ።

መጠበቅን ከእናና ጋር ተለማመድሁ። ዕቃ ታነሣለች፤ እኔ ስሙን እጠራለሁ። ወንፊቱን ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች። “እንዳትነግሪኝ” አልኋት። “አልነግርዎትም፤ ግን ሽሮው ሊያር ነው” አለች። መጣ።

መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው። ግዕዙ በር ላይ ቆሞ ልግባ ልግባ ይላል። እስከ ዛሬ ሳስገባው የኖርሁት ሊቅ ለመምሰል ነበር። ይህን ስጽፍ አፈርሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ነገ ከመወሰናቸው በፊት እንዲሰሙኝ በሰበካ ጉባኤው ፊት አስተምራለሁ። ምንባቡን የሚመርጠው ስሙር ነው። በደንብ አልበላሁም፤ ጾሙ ነው ብዬ አለፍሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ታቦቱ ከገባ በኋላ ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። አስተዳዳሪው፣ የሰበካው ሰዎች፣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ። ስሙር መጽሐፉን ገለጠ። የመረጠልኝ ክፍል ገና ጎልማሳ ሳለሁ በእንቅልፌ የምተረጉመው፣ አንድም እንስሳ የሌለበት ነው። አዘነልኝ።

“ስጠኝ” አልሁት። ወደ ሆሳዕናው ገልጬ ለአንባቢው መለስሁለት። ስሙር ጎንበስ ብሎ፣ “የኔታ፣ ይቅርብዎ” አለኝ በጆሮዬ። “አንተ ዝም በል፤ የምትማረው ገና ነው።”

አንባቢው አነበበ። እኔ ጀመርሁ፣ ደረስሁ፣ ጠፋች። ግዕዙ እንደ ጎርፍ መጣ፤ አላስገባሁትም። “ስሟ ጠፍቶኛል። ጠብቁኝ” አልሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ይህን ቃል ከዚያ ወንበር ተናግሬ አላውቅም።

አንዱ የሰበካ አባል ጉሮሮውን ጠረገ። አስተዳዳሪው መቋሚያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። እነዚያ ተማሪዎች ሁሉ ቃሉ በአፋቸው እንዳለ አየሁ፤ ደንቡን ጠብቀው አንዳቸውም አልተነፈሱ።

“አህያ” አልሁ። ቀጠልሁም፤ ትርጓሜውን በአራት መንገድ በአማርኛ አወረድሁት፤ አንዱን ስሙር ራሱ ሰምቶት አያውቅም፤ ወረቀት ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

አስተዳዳሪው፣ “እስከ ልደት በወንበርዎ ይቀመጡ። መምህር ስሙር ከጎንዎ ይሁን። ከዚያ በኋላ እናያለን” አለ።

ሠላሳ ስምንት ቀን ነው። ለእኔ ይበቃ እንደሆነ ወይስ ለስሙር አላውቅም። ማታ እናና በሩን ልትዘጋ ስትነሣ፣ “ተዪው፣ እኔ እዘጋዋለሁ” አልኋት። ምሰሶው ሥር ቆምሁ፤ ቃሉን ጠበቅሁ። እርሷም ቆማ ጠበቀች።

“ቁልፉን” አልኋት።