«ውሃ ብቻ ነው» ስለተባለው የባለቤቴ ኩላሊት

በጂንካ ከተማ ለምንታከምበት ክሊኒክ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ኩላሊትዎስ? ሁለቱም በሚገባ እንደሚሠሩልዎ ተስፋ በማድረግ ይህንን በአክብሮት ጽፌያለሁ። አየለች እባላለሁ፤ በአልዱባ ገበያ ፍየል የሚነግደው የደምሰው ባለቤት ነኝ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ ሽንቱ ደም ሲቀላቀልበት ወደ እናንተ መጥቶ በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ፣ ኩላሊቱ ላይ ያለው እብጠት ውሃ ብቻ የቋጠረ እንደሆነና እንዲህ ያለው በብዙ ሰው ላይ ተገኝቶ ምንም እንደማያደርግ በፈገግታ ስላስረዳችሁት አመሰግናለሁ። ደሙ ታዲያ ከየት መጣ ብላችሁ አለመጠየቃችሁን ለሰው ገመና ካላችሁ ጥንቃቄ ቆጥሬዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ሲቲ ስካን ወዳለበት ከተማ ሪፈር እንድትጽፉለት ስንለምን፣ የመንገዱን አቧራና እንግልት አስባችሁልን፣ ውሃውን በመርፌ ቀድታችሁ ድነሃል ብላችሁ ስለሸኛችሁት ውለታችሁን አልረሳም።

ደምሰው ቃላችሁን አምኖ በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆሞ መዳኑን መሰከረ፤ ጉባኤውም ሃሌሉያ አለ። ስለዚህ ጎኑን እንደገና ሲወጋው ለማንም ሳይናገር ቀረ፤ ምስክርነት የሰጠ ሰው ተመልሶ ታመምኩ ቢል እምነት አጣ ይባላልና፣ ጌታውን ላለማሳፈር ቀበቶውን እያጠበቀ ገበያ ይወጣ ነበር። እኔ ያወቅሁት ፍየሎቹ መሃል ከወደቀ በኋላ ነው። ይህንን በእናንተ አላሳብብም፤ እናንተ ድነሃል ብቻ ነው ያላችሁት።

ሦስተኛ፣ ሐዋሳ ወስደነው ሲቲ ስካን ሲነሳ፣ ሐኪሙ የቋጠረው ነገር ውስጡ ወፍራም ግድግዳና ሥጋ ያለው ካንሰር መሆኑን፣ ቀደም ብሎ ቢደረስበት ያንን ኩላሊት አውጥቶ በቀረው መኖር ይቻል እንደነበር፣ አሁን ግን ሳንባው ድረስ መሰራጨቱን ነገረን። በትሕትና ብጽፍም በጣም ተቆጥቻለሁ። ባሌን እወደዋለሁ፤ እየሞተብኝ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ልጽፍ ስል ደምሰው ስለጠራኝ ተውኩት።

ለእሱ የምለምናችሁ ነገር የለም። ብቻ ነገ ከሩቆቹ የሃና ወይም የኦሞራቴ ከተሞች ተጉዞ ደም እየሸና የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ እባካችሁ አታጽናኑት፤ ሪፈር ጻፉለት።

ክሊኒክዎን ያስፋልዎ፣ እጅዎን ከስሕተት፣ ጆሮዎን ከወቀሳ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ የባለቤቴ እስትንፋስ እስካለች ድረስ ብቻ ታላቅ አክብሮቴ የማይለይዎ፣

አየለች፣ የደምሰው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ቤታችን ከክሊኒኩ አጥር ጀርባ ነው። የማስታገሻ መርፌ ከከተማው ጠፍቷል ስለተባልን፣ የባለቤቴ ጩኸት እስከ ምርመራ ክፍላችሁ ሳይሰማ አይቀርም። ሥራችሁን ከረበሸ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ብዙ አይቆይም።